ከማዶው ሱቅ መነጽር የገዙት የዓይን ሐኪማችን

ዶክተር አለልኝ ማረፋቸውን እስካሁን ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ከእኔ ስለሰማችሁት ይቅር በሉኝ። ልባቸው ሲያስቸግራቸው ከርሞ፣ በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ ወረታ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች አጠገባቸው እንደተቀመጡ ነፍሳቸው ወጣች። የተቀበሩት በተወለዱበት የፎገራ ቀበሌ ነው። ሜዳው ውኃ ተኝቶበት መኪና ስለማያስገባ፣ ወንዶቹ አስከሬናቸውን ከአስፋልቱ ጀምረው በትከሻ ተሸክመው በሩዙ ማሳ ድንበር ድንበሩን ይዘው ሄዱ። ከሐሙሲትም፣ ከአንበሳሜም፣ ከአዲስ ዘመንም የመጣ ሰው ነበር። ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን የሚረግጠው ሰው አብዛኛው መነጽር ያደረገ ነው። እስከዚያ ድረስ ራሴን ይዤ ነበር፤ ያን ሳይ ግን አለቀስኩ።

ስሜ ዘይነባ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ሱቅና የዶክተር ክሊኒክ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ብዙ ዓመት እንዲያ ተጠጋግተን ኖረናል። ነጭ ጋውናቸውን የምሰፋላቸውም እኔ ነበርኩ። ስለ ትምህርታቸውና በመንግሥት ሆስፒታል ስላገለገሉበት ዘመን የተማሩት ሰዎች በቀብሩ ላይ ተናግረዋል፤ እኔ አልደግመውም። እኔ የማውቀው በግድግዳው በኩል የሚሰማኝን ድምፃቸውንና ለእናቴ የሆኑላትን ነው። እናቴ ሐዋ ዛሬ በአንድ ዓይኗ የምታየው በእሳቸው ነው። ሐኪሟ ከሄዱ ወዲህ ያ የቀረው አንድ ዓይን ምን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ላዝን ብቻ አይደለም፤ የእሳቸውን ነገር ስናገር ምናልባት መላው ይገለጥልኝ ይሆናል ብዬም ነው።

ዶክተር እንደ ሌላው ሐኪም በሽተኛውን ተቀብለው ወዲያው ወደ ፊደሉ ሰሌዳ አይወስዱም ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሥራውን ነው። መነጽር የሚፈልግ ሰው ሥራውን ይዞ እንዲመጣ በራቸው ላይ ለጥፈው ነበር፤ ማንበብ ለማይችለውም በአፋቸው ይነግሩታል። ሩዝ የምትሸጥ ሴት ሰፌዷን ይዛ ትመጣለች፤ ከፊታቸው ቁጭ ብላ ጠጠር ትለቅማለች፤ እሳቸው አጎንብሰው እጇን ሳይሆን ዓይኗን ያያሉ። ገበሬ ሲመጣ በጓሮው በር አውጥተው ከሜዳው ፊት ያቆሙትና «ያቺ ቀይዋ ላም የማን ናት?» ይሉታል። የላሚቱን ባለቤት ከነአያቱ ከተናገረ፣ ለሩቁ መነጽር አያስፈልገውም ማለት ነው።

እኔንም መርፌና ክር አስይዘውኛል። የመጀመሪያ ቀን ተናድጄ «ዶክተር፣ ይሄ ሐኪም ቤት ነው ወይስ የሥራ መቀጠሪያ?» አልኳቸው።

«ዘይነባ፣ በዓይንሽ የምትኖሪው ከመርፌው ጋር ነው፤ ከእኔ ግድግዳ ጋር አይደለም። የምለካሽም ለመርፌው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠማማ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም።

መነጽር ያምረኛል ብሎ የመጣውን ሁሉ መነጽር አስይዘው አይሰዱትም። አንዲት ተማሪ ራሴን እያመመኝ ነው፣ ዓይኔ ነው ብላ መጣች። አዩዋት፣ ደግመው አዩዋት። ከዚያ በግድግዳው በኩል «ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው። ዛሬ ምን በላሽ?» ሲሏት ሰማሁ። ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ይዘዋት ወጥተው ጥጉ ላይ ካለው ምግብ ቤት አስቀመጧትና ሙሉ ፍርፍር አዘዙላት። ተራ የሚጠብቀው ሰው አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን እስክትጨርስ አብረዋት ቁጭ አሉ። መነጽርም መድኃኒትም አላዘዙላትም፤ በየጠዋቱ ሳትበላ እንዳትወጣ ብቻ መከሯት።

እንዲህ ስንኖር፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ከፊታቸው፣ ትልቅ መነጽር ቤት ተከፈተ። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ነው ተባለ። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ መብራቱ ቀን ከሌት ይበራል፤ ፍሬሙ ከጣራ እስከ ወለል ተደርድሯል። መነጽር ለገዛ ሰው ዓይን መለካቱ ነጻ ነው፤ መነጽሩም በዕለቱ ይደርሳል። ሕዝቡ ግር አለ፤ እኔ ደሜ ፈላ።

ዘልዬ ገባሁና «ዶክተር፣ አፍንጫዎ ሥር መጥተው ሱቅ ሲከፍቱብዎ ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

መሣሪያቸውን እየወለወሉ ነበር። «ምን ላድርግ፣ በድንጋይ ልበለው? እኔ ጋ ያሉት ፍሬሞች የሙት ዕቃ ይመስላሉ ብለሽኝ የለም? ሰው አምሮበት ቢያይ ምን ይጎዳኛል?»

«ታዲያ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ቢሄድስ?»

«ዘይነባ፣ መነጽር ማየትና ዓይን ማየት ሁለት ሥራ ነው። እነሱ መነጽሩን አሳምረው ያዩታል። እዚያ የምትለካው ልጅ ትዕግሥት ትባላለች፤ ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰው እየተሰለፈባት ጊዜ አጣች እንጂ። ከዓይኑ ጀርባ ያለውን ለማየት ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ እኔ ጋ አለ። ሁለቱንም በአንድ ቤት ያገኘ ሰው እሰየው። ያላገኘ መነጽሩን ከዚያ ይግዛ፣ ዓይኑን ወደዚህ ያምጣ።»

ይህን ለእኔ ብቻ አልነበረም የሚሉት፤ የጠየቃቸውን ሁሉ እንዲሁ ይመክሩ ነበር። አንዳንዱ የትኛው ይሻለኛል ብሎ ሲያስጨንቃቸው «የቤቱን መስታወት አትየው። ሥራህን የጠየቀህን፣ የእናት አባትህን ዓይን የጠየቀህን፣ መቼ ተመለስ ያለህን ሰው እይ። እዚያም ካገኘኸው እዚያው ሁን» ይሉታል። የመነጽር ቤቱ ባለቤቶች ራሳቸው መጥተው ከእኛ ጋር ይሥሩ ብለው ለምነዋቸዋል። በክብር ተቀብለው፣ ሻይ አስጠጥተው መለሷቸው። ለምን እንቢ እንዳሉ ስጠይቃቸው «የገባው ሁሉ መነጽር ይዞ እንዲወጣ በሚጠበቅበት ቤት ተቀምጬ፣ አንተ መነጽር አያስፈልግህም ማለት ይከብደኛል። እኔ ደግሞ ይህን ማለት እወዳለሁ» አሉኝ።

የመሪጌታ ጥበቡን ነገር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መሪጌታ ከጣራ ገዳም በኩል የሚመጡ፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ ትንሽ ቁጡ የሆኑ ሰው ናቸው። ከማዶ የገዙት መነጽር ዳዊታቸውን በእጃቸው ሲይዙት ፊደሉን ቁልጭ ያደርግላቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ገብተው መጽሐፉ አትሮንስ ላይ ሲቀመጥ ግን ይጨፈግግባቸዋል። ጎንበስ እያሉ ወገባቸው ተቆረጠ። ዓይኔ ጠፋ ብለው ደንግጠው ዶክተር ዘንድ መጡ፤ መነጽሩን ግን ከኪሳቸው አላወጡትም።

«መሪጌታ፣ በኪስዎ ያለውን ያውጡት፤ አልቆጣም» ሲሏቸው በግድግዳው ሰማሁ።

«የምኑን?»

«ማኅደሩ ብቅ ብሏል እኮ።»

መሪጌታ አወጡት። ዶክተር መነጽሩን አገላብጠው አይተው «ይሄ ጥሩ መነጽር ነው፤ የተለካው ግን በእጅ ለሚያዝ መጽሐፍ ነው። እርስዎ ቆመው እንደሚያነቡ ማን ይንገራት ለልጅቱ? አትሮንስዎን ይዘው ይምጡ» አሏቸው። በማግሥቱ መሪጌታ አትሮንሱን ባጃጅ ላይ ጭነው መጡ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ዶክተር ከእኔ ሜትር ተውሰው ከዓይናቸው እስከ ዳዊቱ ያለውን ለኩና፣ ልኩን ጽፈው መልሰው ወደ ማዶ ላኳቸው። ሱቁም ሳይጨቃጨቅ መስታወቱን ቀየረላቸው። ትዕግሥት እንዴት እንደለኩ ለማየት አስፋልቱን ተሻግራ መጣች፤ ዶክተርም ወንበር ስበው አስቀምጠው አሳዩዋት።

በእሳቸውና በሱቁ መካከል ጠብ አልነበረም። ችግሩ የመጣው በእኛ ነው፤ በይሉኝታችን። ከማዶ የገዛ ሰው በዶክተር ደጅ ሲያልፍ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል። እኔ የስፌት መኪናዬን በር ላይ አውጥቼ ስለምሰፋ ሁሉን አያለሁ። ከአስፋልቱ ጥግ ሲደርሱ እጃቸው ወደ ፊታቸው ይሄዳል፤ ክሊኒኩን አልፈው ነጋዴዎቹ ጋ ሲደርሱ መልሰው ያደርጉታል። አንድ የማውቀው መምህር፣ ሂጃብ ለብሼ ቁጭ ያልኩትን እኔን «እንደምን አደሩ ዶክተር» ብሎ እጅ ነስቶኝ አልፏል። ሌላው ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለቅልቆ ወጣ። ዶክተርና እኔ ይህን እያነሳን እንስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ነገሩ እኛ ቤት ሲገባ ነው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ ሩዝ የሸጠች ሴት ናት። ዶክተር ዘንድ መጀመሪያ የሄደችው ጠጠሩ አልታይ ብሏት ነበር፤ እሳቸው ግን አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፈው ሲያዩ የዓይን ግፊት አገኙባት። ያን ቀን አብሬያት ነበርኩ።

«እትዬ ሐዋ፣ ይሄ በሽታ አያምም፣ አያሳክክም» አሏት። «አላመመኝም ብለው የተዉት ቀን ግን ከጎን ከጎን እያጠበበ ይወስደዋል፤ የወሰደውን አይመልስም። ጠብታውን በየማታው ያድርጉ፤ በቀጠሮዎ ይምጡልኝ፤ እኔ ግፊቱን እየለካሁ አቆየዋለሁ።»

እናቴም እሺ ብላ ቃሏን ጠበቀች። የቀጠሮዋ ቀን ሲደርስ ነጭ ሻሿን ጠቅልላ በጠዋት ትሄዳለች። ከዚያ በአንዱ ኢድ፣ ባሕር ዳር የሚነግደው ወንድሜ ሊጠይቃት መጣና፣ እጇን ይዞ ማዶ አሻግሮ ወርቃማ ፍሬም ያለው መነጽር ገዛላት። ደስታዋን ብታዩ። በመስታወት ራሷን እያየች «አልሃምዱሊላህ፣ ልጅ ወልጃለሁ» ትላለች። እኔም አማረብሽ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮዋ ሲደርስ እኔ ሱቅ ሳልከፍት በጠዋት ሻሿን ጠቅልላ ትወጣለች፤ ደርሼ መጣሁ ትለኛለች፤ አምናታለሁ።

አንድ ቀን ዶክተር ወደ ሱቄ ብቅ ብለው «እትዬ ሐዋ ደህና ናቸው? ከቀሩብኝ ቆዩ እኮ» አሉኝ።

የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ደጅ ላይ ቆማለች። በግራዋ በኩል ደርሼ እጄን ዘረጋሁላት፤ አላየችኝም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ስጠራት ነው ዞራ ያየችኝ። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት መጀመሪያ ዋሸችኝ፤ ስጮህባት ተናገረች።

«በምን ፊቴ ልሂድ? ስንት ዘመን ያዩኝን ሰው ደጅ ረግጬ፣ ከማዶ ሰዎች የተገዛውን ሰክቼ ልቅረባቸው? አውልቄ እንዳልሄድ ደግሞ የልጄ ስጦታ ነው፤ ያፈርኩበት ይመስለዋል። ሁለቱንም እንዳላስቀይም ብዬ ቀረሁ።»

ጠብታውንም ትታዋለች፤ ከእሳቸው ርቃ የእሳቸውን መድኃኒት መውሰድ ነውር መስሏታል። እኔ ምን ልበላችሁ፤ ያን ቀን እናቴን ልመታት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ከዚያ ደግሞ አቅፌያት አለቀስኩ።

ለዶክተር ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

«ስንቱ ይሆን?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«እንደ እናትሽ አፍሮ የቀረው። እኛ መነጽር አወለቁ ብለን እንስቃለን፤ ሰው ዓይኑን እያጣ ነው።» ተነሱ። «ነይ አብረሽኝ፤ ዕቃ የሚመርጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

የገበያ ቀን ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ። ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ አስፋልቱን ሲሻገሩ ገበያተኛው ቆሞ አየ። ጠብ ነው ብሎ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ተከተለን። እኔም ጠብ መስሎኝ ነጠላዬን አጥብቄ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ትዕግሥት ሲገቡ አይታ ከወንበሯ ተነሳች።

«ልጄ፣ መነጽር ልገዛ ነው የመጣሁት። ለክተሽ ስጪኝ» አሏት።

ወንበር ስባ አስቀምጣ ለካቻቸው። እሳቸው እንደ ደህና ተማሪ ያለችውን ሁሉ ያደርጋሉ፤ አንዱን ዓይን ይሸፍኑ ስትል ይሸፍናሉ፣ ያንብቡ ስትል ያነባሉ። ጨርሳ አቀርቅራ «ዶክተር፣ ያደረጉት መነጽር ልኩ አልፏል። ከተለኩ ብዙ ጊዜ ሆኖዎታል» አለቻቸው።

«ማን ይለካኛል ብለሽ ነው» አሉ። እንዲህ ሲሉ ድምፃቸው ለስለስ አለብኝ። የእኛን ዓይን ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን የሚያይላቸው አጥተው ከርመዋል።

ፍሬሙን እኔ መረጥኩ፤ ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ ፊታቸውን የሚያደምቅ። መነጽሩ እስኪደርስ እዚያው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ አድርገውት ወጡ። ወደ ክሊኒካቸው አልገቡም፤ ገበያውን ዳር እስከ ዳር ዞሩት። ያገኙትን ሁሉ እያቆሙ «ከማዶ ነው የገዛሁት፤ አማረብኝ?» ይላሉ። ሰው ግራ ገብቶት ይስቃል። እሳቸው ሳቁን አሳልፈው «ከፈለጋችሁበት ግዙ፤ ዓይናችሁን ግን አምጡልኝ። ደጄ ላይ የሚያፈር ሰው እንዳላይ» ይላሉ። ከሽንኩርት ሻጮቹ መካከል አንዲት ሴት ከመቀነቷ ፈትታ መነጽሯን አወጣችና ከፊታቸው አደረገችው። እሳቸውም «ቆንጆ ነው» አሏት።

ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጡ። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ፈጥና መነጽሯን አውልቃ ከመከዳው ሥር ከተተችው። ዶክተር እንዳላዩ ሆነው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እትዬ ሐዋ፣ አዲስ መነጽር ገዝቻለሁ፤ ይመርቁልኝ» አሏት።

«ያለ መነጽሬ ደብዛዛ ነዎት፣ ዶክተር» አለች፤ ካለችው በኋላ ነው እንዳመለጣት የገባት።

«ያድርጉትና ይዩኝ እንጂ እንግዲህ።»

እናቴ መከዳውን እየዳበሰች አወጣችው፤ አደረገችው፤ ፊታቸውን ትክ ብላ አየች። «ይሄ እኮ ከነሱ ነው» አለች።

«ከነሱ ነው። ይልቅ ይቅርታ የሚጠይቀው እኔ ነኝ። ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ ብዬ ስለጥፍ፣ ከየትም ብትገዙ ኑ ብዬ መለጠፍ ነበረብኝ።»

እናቴ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። በማግሥቱ ወርቃማ መነጽሯን አድርጋ በዋናው በር ገባች። ዶክተር ረጅም ጊዜ ወስደው አዩዋትና አልዋሹንም። «የግራው የሄደው ሄዷል፤ ልመልሰው አልችልም። ቀኙ ግን አለ። እሱን ሁለታችን እንጠብቀዋለን» አሏት። ጠበቁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላጠፋችም፤ ቀኝ ዓይኗም እንዳለ ነው። ያ ሳምንት አፍረው የቀሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲመለሱ ያየሁበት ሳምንት ነበር። ትዕግሥትም ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሲመጣባት መነጽሩን ከሠራች በኋላ «ተሻግረው ግፊትዎን ይለኩ» እያለች ትልክ ጀመር።

ዘንድሮ ልባቸው ደከመ። ጋውናቸውን ሁለት ጊዜ አጥብቤላቸዋለሁ፤ ስለካቸው እሳቸው ሌላ ወሬ ያወራሉ፣ እኔም ሌላ ወሬ አወራለሁ። ለየበሽተኛው ባሕር ዳር ያለ የሚያምኑበትን ሐኪም ስም ይነግሩ ነበር። ለእናቴ ሲነግሯት ጆሮዋን ይዛ «አላህ እርስዎን ያቆይልን፤ ሌላ አልሰማም» አለቻቸው። እሳቸውም አልገፉባትም።

ከቀብሩ በኋላ ክሊኒኩ ተዘጋ። ጠብታው ከፋርማሲ ይገዛል፤ ግፊቷን የሚለካ ግን የለም፤ ቀጠሮዋም ደረሰ። ባሕር ዳር እንሂድ አልኳት። «አፈራቸው ሳይደርቅ? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ያው ይሉኝታ ተመልሶ ደጃችን ቆመ፤ አሁን ደግሞ አስፋልት ተሻግሮ የሚያወጣን ሰው የለም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ወንድሜን በስልክ አስለመንኩባት። ፊቷን አዞረች። በሰማይ ያሉትን ሰው እንዳታስቀይም ብላ የምታይበትን አንድ ዓይን ልታስረክብ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ አርባቸው ደረሰ፤ አብረን ሄድን። እናቴ ሩዝ ይዛ ነው የሄደችው። ወይዘሮ አስናቀች መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ በግራዋ በኩል ስለነበሩ አላየቻቸውም፤ እጇን ሲይዟት ነው ሙሉ ፊቷን ያዞረችው። ወይዘሮ አስናቀች ያን ልብ አሉ።

«እትዬ ሐዋ» አሏት፣ «እሱ በመጨረሻው ሰሞን ስንት ነገር ሲረሳ፣ የእርስዎን ቀጠሮ ግን አልረሳም። 'ሐዋ በመስከረም መታየት አለባቸው፤ እኔ ካልተነሳሁ ይሄዱ ይሆን?' ይለኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።»

እናቴ ለቅሶው መካከል እጃቸውን እንደያዘች ቆየች። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

«እሳቸው ያቆዩልኝን ዓይን እኔ ልጥለው?» አለችኝ። «ማን ነበር ባሕር ዳር ያሉት ሰውዬ?»

ዶክተር አለልኝ፤ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን። እርስዎን ረስተን አይደለም፤ ልብዎ እንዳይሰጋ ብዬ ነው የምነግርዎ። እናቴ በቀኝ በኩል በመስኮቱ ልቀመጥ ብላለች፤ ሩዙ አፍርቷል አሉ፣ ልየው ብላለች። አዲሱ ሐኪም አገጯን አስደግፎ ሲያያት፣ ይህን ዓይን እስከ ዛሬ ማን ሲያይልዎ ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስምዎን እሷ ትንገረው። ሲያዩልን የኖሩት አባታችን፣ አሁን እርስዎ ዓይንዎን ያሳርፉ፤ እናቴን እኔ አደርሳታለሁ።